የአንጓች መርዶ

ስሜን አሁን አልነግራችሁም። በዚያ አገር ደንብ ስሙን ሳይናገር አፉን የሚከፍት ሰው ጅብ ነው፤ ስለዚህ ነገሬን እስክጨርስ እንደ ጅብ ቁጠሩኝ፣ አልቀየማችሁም። ጠጋ ጠጋ በሉ። ያ ደጃፍ ላይ ጃንጥላውን ዘርግቶ የተቀመጠው ሰውዬም ከፈለገ ይግባ፣ ዝናብ ይመታዋል። ጆሮዬ ከብዷል እንጂ አፌ ገና ነው።

አገሩ የት ነው ብላችሁ አታድርቁኝ። ጋራና ገደል ነው። ከጋራ ጋራ ድምፅ በአንድ ትንፋሽ ይሻገራል፣ እግር ግን ወርዶ እስኪወጣ ሩብ ቀን ይፈጅበታል። ፈጣሪ ያን አገር ሲሠራ ለጉሮሮ እንጂ ለጉልበት አላዘነም ይላሉ። ስለዚህ በየጋራው አናት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ የአፍ ድንጋይ ይሉታል። ከብት የጠፋበት፣ ልጅ የተወለደለት፣ መከራ የወደቀበት እዚያ ላይ ወጥቶ ይጣራል። ማዶ ያለው ይሰማና ለሚቀጥለው ጋራ ይደግማል፣ ያኛውም ለሌላው፣ እንዲህ እየተባለ ማዕድ ሳይነሳ አገር ያዳርሳል።

ደንቡ አጭር ነበር። የሰማ ይድገም፣ የደገመ አይጨምር፣ ሁሉም ስሙን ይናገር። «እኔ እገሌ ነኝ፣ ከእገሌ ሰማሁ» ሳይል ለተጣራ ሰው ማንም አይወጣለትም። ለምን ቢሉ፣ ጅብ የሰው ድምፅ አስመስሎ ይጣራል ይባላላ! ስሙን ግን አይናገርም። «ስም የለሽ ጥሪ የጅብ ጥሪ ነው፣ አትውጣለት» እያሉ ነው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት።

ያ ድንጋይ ቅዱስ ነበር ብዬ ላሞኛችሁ አልፈልግም። አብዛኛው ጥሪ ገለባ ነበር። አንዷ የጎረቤቷ ወጥ ጨው እንደሌለው ጠዋት ብትናገር፣ ቀትር ላይ ዳር አገር ያለ ሰው፣ ያን ወጥ በዓይኑ አይቶ የማያውቀው፣ ከንፈሩን ሲመጥ ይውላል። ሁለት ጎረምሶች በአንዲት ልጅ ተጣልተው ሲሰዳደቡ አገሩ ሁሉ ሥራ ፈቶ ስድባቸውን ሲደግምላቸው ዋለ። ምን ያድርግ? የሰማ ይድገም ተብሏል! አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ምስኪን ሸማኔ በግ ሰረቀ ተብሎ ተጠራበት፤ በጉ ኋላ ገደል ገብቶ ተገኘ። ያን ጊዜ ስሞቹን ወደ ኋላ እየተከተሉ ሄደው ውሸቱ ከማን አፍ እንደ ወጣ ደረሱበት። ሰውዬውም በየጋራው እየዞረ፣ በየድንጋዩ ላይ ቆሞ «የዋሸሁት እኔ ነኝ» ሲል ከረመ፤ ጉሮሮው ተዘግቶ ነው ቤቱ የገባ። ስም ባይኖር ያ ሸማኔ እንደ ሌባ ነበር የሚቀበረው።

ቁም ነገር ሲመጣ ግን ያ ድንጋይ የሚደገፉበት ድንጋይ ነበር። አንድ ክረምት ወንዝ ሞልቶ የቆላውን መንደር ሲወስድ ሰዎቹ ጣራ ላይ ወጥተው ተጣሩ። ወዲያው ጠፍር ያነገተ፣ ቆሎ የቋጠረ፣ ጋቢ የተሸከመ ከየአቅጣጫው ይተም ጀመር። እርግጥ ሦስት መንደር የተማከረ ይመስል ዱባ ብቻ ተሸክሞ መጥቶ፣ ያ የቆላ ሰው እስከ በጋ ዱባ ሲበላ ከረመ። ቢሆንም አንድ ነፍስ አልጠፋም። የንጉሡ ግቢም ተኛ እንዳትሉኝ፤ ታላቅ ጉባኤ ተሰብስቦ፣ ጎርፍ በውኃ ሹም ሥር ነው ወይስ በመሬት ሹም ሥር እየተባለ ሙግት ተይዞ ሳለ ወንዙ ራሱ ጎድሎ ገላገላቸው።

እንግዲህ ወደ አንጓች ልምጣ።

አንጓች በአንዱ ጋራ ላይ የምትኖር ሴት ናት። ባሏ ጓንጉል የጨው ነጋዴ ነበር። አንድ ቀን በቅሎውን ጭኖ ወጣና ወንዝ ዳር ተገድሎ ተገኘ፤ በቅሎዋ የለችም። አንጓች እንባዋን ጠርጋ ለግቢው መርማሪዎች አቤት አለች። መርማሪዎቹ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፣ ጥምጥማቸው ብቻ ሕፃን ያህል ይከብዳል። ሬሳውን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በደንቡ መሠረት ምርመራ የሚጀመረው ገዳዩ በስሙ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አልቀርብም ሲል ነው» አሏት።

«ታዲያ ጥሩታ!»

«ስሙ መች ታወቀና?»

«ስሙን እንድታውቁልኝ አይደል እንዴ የመጣሁት?»

«እሱማ በምርመራ ነው የሚታወቀው። ምርመራው ደግሞ ገዳዩ ሳይጠራ አይጀመርም። ሴትዮ፣ ሕግ ነው እኮ፣ ጨዋታ መሰለሽ?»

አንጓች ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ወጣች። ቀጥታ ወደ አፍ ድንጋይዋ ሄደች።

«እኔ አንጓች ነኝ! ባሌን ጓንጉልን ገደሉብኝ! በቅሎው ዳለቻ ናት፣ ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ! ጋጣ የምትገባው በኋላዋ ነው! ያየ ይናገር!»

ከአንጓች ጋራ የወጣ ጥሪ ለሌላው አገር የሚደርሰው በማዶው ጋራ በኩል ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ አያ ቢተው አለ። አያ ቢተው ሲያንሾካሹክ እንኳ ከብት የሚያስበረግግ ጉሮሮ ያለው ሰው ነበር። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ገደል ለገደል እየተጠራሩ ነው ያደጉት፤ ፊት ለፊት ተያይተው የተጨዋወቱበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። እሷ በጋቢው ቀለም ታውቀዋለች፣ እሱም በአረማመዷ። «እኔ ቢተው ነኝ፣ ከአንጓች ሰማሁ!» ብሎ ጋራውን አናወጠው።

መልሱ ብዙ አልቆየም። አንዱ፣ እንዲህ ያለች በቅሎ በመንደሬ አልፋለች አለ። ሌላዋ፣ የሚስባት ሰው ቀይ ካባ ለብሷል አለች። መንገደኛ የሚያሳድር አንድ ሽማግሌማ፣ «እኔ ቤት አድራለች! በኋላዋ ስትገባ ምሰሶዬን ሰብራብኛለች፣ ማን ነው የሚክሰኝ?» ብሎ ጮኸ። ጥሪው በቅሎዋን ከጋራ ጋራ እየተከተለ ሄደ፣ ሄደና፣ የት ቢቆም ጥሩ ነው? ግቢው በር ላይ! በቅሎዋ የደጅ አዛዡ፣ የአዛዥ ቀለመወርቅ፣ የእህት ልጅ ጋጣ ውስጥ ቆማ ገብስ ትበላለች። የግቢ ሰዎችማ በኋላዋ ስትገባ አይተው፣ ከንጉሥ ፊት የሚወጣው በኋላ ነውና፣ ሥርዓት የተማረች በቅሎ ናት ብለው አድንቀዋት ነበር።

ምን ያድርጉ እንግዲህ? አገር ሰምቷል፣ መሸፋፈኛ የለም። ንጉሡ ደግ ነበሩ ይባላል፤ ሁልጊዜ ተኝተው ስለሚውሉ ክፋታቸውን ያየ ሰው አልነበረም። ለዚያን ቀን ቀሰቀሷቸውና «ይታሰር» ብለው ተመልሰው ተኙ። ገዳዩ ታሰረ። መርማሪዎቹ «ስለ ረቂቅ ጥበባቸው» ካባ ተሸለሙ። አንጓችም በቅሎዋን ይዛ፣ ባሏን አጥታ፣ ቤቷ ገባች።

አዛዥ ቀለመወርቅ ግን አልተኛም። ተንኮለኛ ነው፣ ጥሪ ቢከለክል አገር እንደሚነሳበት ያውቃል። ስለዚህ አልከለከለም። አዋጁን ሲያስነግር ምን አለ መሰላችሁ? «ጥሪ አልተከለከለም! ማን ከለከለ? እንደ ልባችሁ ተጣሩ! ብቻ ጥሪው አገር የሚያውክ ሆኖ ከተገኘ የጠራውም የደገመውም በስሙ ይጠየቃል። መርዶ ግን እንደ ጥንቱ ከነስሙ ይነገር፤ ሙታን አገር አያውኩምና።» አገር የሚያውክ ጥሪ የቱ ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ደፋር ነበር አሉ። አዛዡ ሲሰማው የሚታወክበት ነው ተብሎ ተመለሰለት።

ከዚያ በየድንጋዩ ሥር ጆሮ ጠቢ ተቀመጠ፤ ጃንጥላና መቀመጫ ዱካም ከግቢ ተሰጠው። መጀመሪያ የተጠየቁትም የበቅሎዋን ጥሪ የደገሙት ሰዎች ሆኑ። ፍለጋ አላስቸገረም። ሁሉም ስሙን ተናግሯል፣ ከማን እንደ ሰማም ተናግሯል! ያ ሸማኔውን ያዳነው ደንብ እነሱን አስያዛቸው፤ አንዱን ስም ይዘው ሌላውን እየሳቡ ከየቤታቸው ለቀሟቸው። «ስለ በቅሎ የጮኸ ልጓም ይገባዋል» ተብሎ ተፈረደ። በገበያ ቀን የበቅሎ ልጓም አፋቸው ውስጥ ገባና በሕዝብ መካከል ሲጎተቱ ዋሉ። አያ ቢተው ብረቱን አልጎርስም ብሎ ሲታገል የፊት ጥርሶቹ ረገፉ።

አንጓችን ግን ጫፏንም አልነኳት። ለምን መሰላችሁ? ባሏ የተገደለባትን ሴት መለጎም ያስወቅሳል። የረዷትን መለጎም ግን ይበቃል፤ ሁለተኛ ማን ይረዳታል? ይሄን ያሰበ ጭንቅላት ደህና አይደር! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰው አፍ አለውና ጨርሶ ዝም አላለም። ፊቱን እየተከናነበ፣ ስሙን እየዋጠ ይጮህ ጀመር። «ጎርፍ መጣ!» ይላል አንዱ። ማን ነህ ሲባል መልስ የለም። ጠፍር ይዘው ቢሮጡ በጠራራ ፀሐይ ከብት ሲያመሰኳ ያገኛሉ። «ሽፍታ ገባ!» ይላል ሌላው፤ ደርሰው ቢያዩ ምንም። ግማሹ ቀልደኛ ነበር፣ ሥራ ፈት። ግማሾቹ ደግሞ ራሳቸው ጆሮ ጠቢዎቹ ናቸው ይባላል፤ ሰው ሮጦ ሮጦ እንዲታክተው። ታከተውም። የጥንቱ አባባል ከየቤቱ ወጣ፤ የጅብ ጥሪ ነው፣ አትውጣለት።

ከዚያ ያ ክረምት ገባ።

የአንጓች ልጅ ደብሪቱ ለመውለድ እናቷ ዘንድ መጥታ፣ ሴት ልጅ ተገላግላ አራስ ቤት ተኝታለች። ባሏም ሆነ የመንደሩ ጎልማሳ ሁሉ የአዛዡን አጥር ሊያጥር በግዴታ ተወስዷል። የቀሩት ሴቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። ዝናቡ እንደ ጀመረ አላባራም ነበር። አንጓች ማለዳ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ጋራው ከውስጡ አጉረመረመ። ቀና ብትል የላይኛው መሬት ከነዛፉ ተነሥቶ ሲሄድ አየች። ሲረጋ አራስ ቤቱ የለም፤ ጭቃ ብቻ ነው።

እንስራዋን ጥላ ሮጠችና ጆሮዋን ጭቃው ላይ ደፋች።

«ደብሪቱ! ደብሪቱዬ!»

«እማዬ!» አለ ድምፅ ከሥር። «ምሰሶው ይዞልኛል። ልጅቷ ደህና ናት። ግን ጭቃው እየገባ ነው እማዬ፣ ሰው ጥሪልኝ!»

አሮጊቶቹ በእጃቸው ይቧጥጡ ጀመር። ምን ይገፋል? እነሱ አንድ እፍኝ ሲያወጡ ከላይ ሁለት ይንሸራተታል። ጉልበት ያለው ሰው ያስፈልጋል፣ ብዙ ሰው፣ ዶማና አካፋ የያዘ። አንጓች ወደ አፍ ድንጋዩ ወጣች። ጆሮ ጠቢው ጃንጥላው ሥር፣ ዱካው ላይ ተቀምጧል። የሆነውን ሁሉ አይቷል።

«ጥሪ እንጂ» አላት፣ «ማን ከለከለሽ?»

አንጓች ዞራም አላየችው። «እኔ አንጓች ነኝ! መሬት ተናደብን! ልጄ ደብሪቱ ከነአራስ ልጇ ከሥር ናት፣ በሕይወት አለች! ዶማ ይዛችሁ ድረሱልኝ!»

ማዶ አያ ቢተው ሰማ። እየሮጠ ድንጋዩ ላይ ወጣ፣ ፊቱን ወደሚቀጥለው ጋራ አዞረ፣ ጥርስ በሌለው አፉ የቻለውን ያህል ጮኸ። «መሬት ተንዷል! ሰው ከሥር አለ! ዶማ ይዛችሁ ድረሱ!»

ስሙን አልተናገረም። የእሷንም አልተናገረም።

አንጓች ክው አለች። «አያ ቢተው! ስሜን በል! ስሜን!»

«ይለጉሙሻል እታለም! ብረቱን አታውቂውም፣ እኔ አውቀዋለሁ!»

«ይለጉሙኝ! ስሜን በል አልኩህ!»

«አንቺን በአፌ አሳልፌ ልስጥ? ሞቼ ነው!»

ከወዲያኛው ጋራ «ማነህ አንተ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። አያ ቢተው ስሙን ዋጠ። «ስም የለውም፣ ጅብ ነው፣ ተዉት» አለ ሌላ ሰው፣ ሳቅም ተሰማ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልደገመም።

ቢተው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይሄን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ለእሷ ብሎ ነው። በዚያ አገር ያን ጊዜ ስም የሚቆርጠው ሁሉ ለወንድሙ አዝኖ፣ ለእህቱ ሳስቶ ነበር የሚቆርጠው። አዛዡ ማንንም ዝም በል አላለም። እርስ በርሳቸው እየተሳሱ ነው ዝም የተባባሉት።

አንጓች ወደ ጭቃው ሮጣ ተመለሰች።

«እማዬ፣ ሰው መጣ?» አለች ደብሪቱ። ድምጿ ቀጥኗል።

«እየመጡ ነው ልጄ። መንገድ ላይ ናቸው። አይዞሽ።»

«ደረቴ ድረስ ደርሷል።»

«አይዞሽ!» ብላት እንደገና ወደ ድንጋዩ ወጣች። «አያ ቢተው፣ ስለ ፈጠረህ! ስለ ጓንጉል አጥንት! ስሜን በልልኝ!»

አያ ቢተው እያለቀሰ ነበር። «ምነው እታለም፣ ምነው መርዶ በሆነ!» ብሎ ጮኸ። «መርዶ ቢሆን ከነስምሽ፣ ከነአባትሽ ስም እጣራው ነበር! ለመርዶ እኮ ከአገር የሚቀር ሰው የለም!»

ምሬቱን ነው የተናገረው፤ ምን እንዳለ እንኳ አላሰበበትም። አንጓች ግን ባለችበት ደርቃ ቀረች።

እናት ናት እኮ! እንኳን በሕይወት ያለችውን፣ ልትሞት የምታጣጥረውን እንኳ «ትተርፋለች» እንጂ ሌላ ቃል ከእናት አፍ አይወጣም። በዚያ አገር እናት የልጇን ሞት ከቀብሩ ቀድማ በስም ከጠራችው ሟርት ነው፣ መግደል ነው ብለው ያምናሉ። አንጓችም ታምናለች። ወደ ጭቃው አየች፣ ወደ ማዶ አየች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ዘቅዝቃ ለበሰች፣ ለለቅሶ እንደሚለበሰው። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«እኔ አንጓች ነኝ! ልጄ ደብሪቱ ሞታለች! ኑና ቅበሩልኝ!»

ጆሮ ጠቢው ከዱካው ተነሣ፣ ጃንጥላውን አጠፈና ቆቡን አወለቀ። «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አላት። ሥርዓት ያውቃል አይደል!

አያ ቢተው ሰማ። ገብቶታል። ከዚያ ያ የድሮው ጉሮሮው ተመለሰ። «እኔ ቢተው ነኝ! ከአንጓች ሰማሁ! ልጇ ደብሪቱ ሞታለች!» ቀጥሎ ያ ቅድም ሲስቅ የነበረው ሰው፣ «እኔ መርሻ ነኝ፣ ከቢተው ሰማሁ!» አለ፤ ሳቁ ከአፉ ላይ ጠፍቷል። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላዋ። ስሙን ያልተናገረ አንድም ሰው አልነበረም። ብዙ ጊዜ ታፍኖ የኖረ አፍ ሁሉ የተከፈተ ያህል፣ አገሩ ከዳር እስከ ዳር በስም ተሞላ። ሰውም ነቅሎ ወጣ።

መጡ። አቤት አመጣጣቸው! በየገደሉ እየተንሸራተቱ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ መጡ። ግን ባዶ እጃቸውን ነበር። በዚያ አገር ወደ ለቅሶ ብረት ይዞ መሄድ ነውር ነው፤ ዶማው፣ አካፋው፣ ማጭዱ ሁሉ ቤት ይቀራል። ለለቅሶ የሚያዘው ንፍሮ ነው። ሴቶቹ በእንቅብ ንፍሮ ተሸክመዋል፣ ወንዶቹ ደረታቸውን ይዘዋል።

አንጓች እስከ ወገቧ ጭቃ ውስጥ ነበረች። «ተዉት ለቅሶውን!» ብላ ጮኸችባቸው። «በሕይወት አለች! ቆፍሩልኝ!»

ሕዝቡ ሙሾውን በአፉ እንደያዘ ቀጥ አለ። ቀድማ የነቃችው አንዲት ሴት ናት፤ ንፍሮዋን መሬት ላይ ደፋችና በእንቅቡ ጭቃ ትዝቅ ጀመር። ያን ጊዜ ሁሉም ዘለለ። በእንቅብ፣ በገበታ፣ በጥፍር፣ በክርን ቆፈሩ። አያ ቢተውም ገደሉን ወርዶ ወጥቶ ደረሰ፤ ማንንም ሳያናግር ተንበርክኮ ይዝቅ ጀመር። እጁ ደም እስኪሆን ዛቀ። አንዱ ጎረምሳ «አንዲት ዶማ! አንዲት ዶማ ብቻ!» እያለ ያለቅስ ነበር። ዶማው ቤቱ፣ በሩ ሥር ተደግፎ ቀርቷል።

ከሥር ግን ድምፅ የለም። ከመርዶው በኋላ ደብሪቱ አልተናገረችም። አንጓች በየመሀሉ ጆሮዋን ጭቃው ላይ እየደፋች ትጣራለች፣ ማንም አይመልስላትም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱባት። ምሰሶው እንዳለችው ይዟል። ጭቃው ከአገጯ በላይ ደርሷል። ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ሕፃኗን ማገሩ ላይ ደግፋ ይዛታለች። ሕፃኗ ትተነፍሳለች። ደብሪቱ አትተነፍስም፤ ገላዋ ግን ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ጭቃው ይሆን የገደላት? ወይስ እናቷ መሞቷን ስትናገር ከታች ሆና ሰማችና፣ «እማዬ ተስፋ ቆረጠችብኝ» ብላ አፏን ዘጋች? እናቴ ያን መርዶ ሰምታው ይሆን?

አዎ፣ እናቴ። አሁን ገባችሁ አይደል? አያቴ ይሄን ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠይቀው ኖረች። እኔም እጠይቃለሁ። የሚመልስልኝ የለም።

በሠልስቱ አዛዥ ቀለመወርቅ ራሱ ለቅሶ ደረሰ። ለቀስተኛው ገና አልተበተነም ነበር። ተቀመጠ፣ ዓይኑን በመሀረብ ጠረገ፣ ከዚያ አያቴን «እናቴ» ብሎ ጠራት።

«እናቴ፣ መርዶ ተፈቅዷል። ሕግ ሕግ ነው። አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ። መርዶውን ስትናገሪ ልጅሽ ሞታ ነበር ወይስ በሕይወት ነበረች? ሞታ ከነበረ የገደላት ናዳው ነው። የፈጣሪ ሥራ ነው፣ ማንም ጥፋት የለበትም፣ አንቺም ነጻ ነሽ። በሕይወት ከነበረች ግን ሐሰተኛ መርዶ ነው። የደገሙት ሳያውቁ ስለሆነ ምሕረት ተደርጎላቸዋል።»

ነገሩን አያችሁት? ሞታ ነበር ብትል ትድናለች፤ አዛዡም ይድናል፣ አዋጁም ይድናል፣ ስም የቆረጠ ሁሉ ከነህሊናው ይድናል። ሁሉም የፈለገው እሱን ነበር። አያ ቢተው እግሯ ላይ ተደፋ።

«ሞታ ነበር በይ እታለም! ምን ይጎድልብሻል? ይቺን ሕፃን ማን ያሳድጋታል?»

አያቴ እኔን ታቅፋ ነበር። ጎንበስ ብላ ለእሱ አስታቀፈችኝና ቀና ብላ ቆመች።

«አንድ ጊዜ በቁሟ ሞታለች ብያታለሁ» አለች። «ሁለተኛ አልላትም። እኔ አንጓች ነኝ። ልጄ በሕይወት ነበረች። መጀመሪያ ስጣራ እዚህ የተቀመጣችሁት ሁሉ ዶማችሁን ይዛችሁ ብትመጡ ኖሮ ዛሬም በሕይወት ነበረች።»

የሰማ ይድገም የሚል ደንብ የነበረው ሕዝብ መሬት መሬት አየ። አንድም ሰው አልደገመውም።

በሚቀጥለው ገበያ ለጎሟት። ከዚያም በኋላ ብዙ ገበያ ለጎሟት። አዋጁም ተሻሻለ፤ ከእንግዲህ መርዶ የሚነገረው ሬሳውን የግቢ ሰው አይቶ ሲመሰክር ብቻ ነው ተባለ። የግቢ ሰው ደግሞ እስኪመጣ ድረስ ሬሳ ይሸታል፤ ይሽተታ፣ ሕግ ነው! ለናዳው እርዳታ ግቢው ስላሳየው ትጋት አዛዡ ካባ ተሸለመ ብላችሁስ ይገርማችኋል? እኔን አይገርመኝም።

አያ ቢተው ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ጋራው አልተመለሰም። እኛ ደጅ ጎጆ ቀልሶ፣ አያቴ ተለጉማ በዋለች ማታ ከንፈሯን በቅቤ እያሸላት፣ ቃል ሳይናገር አርጅቶ ሞተ። አባቴ ከአዛዡ አጥር ሳይመለስ ቀርቷል፤ ያሳደጉኝ እነሱ ናቸው።

ልጓሙ ዛሬ እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲገባ ያየውና በቅሎ አለሽ እንዴ ይለኛል። ነበረችን እለዋለሁ፣ በኋላዋ የምትገባ።

አሁን ስሜን ልንገራችሁ። አንተም ባለ ጃንጥላው፣ ጆሮህን አቅና፣ ደግሜ አልነግርህም። እኔ ትርፌ ነኝ፣ የደብሪቱ ልጅ። ከአያቴ ከአንጓች ሰማሁ። የሰማ ይድገም፤ ከነስሙ።